ማርሹ «ቋ!» ሲል፦ ለሞተርሳይክል የሚስማማ ዘይት አመራረጥ

ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ የሱሉልታን ዳገት በጠዋት የሚወጣ ሞተረኛ ድምፁን ያውቀዋል። አንደኛ ማርሽ ሲገባ «ቋ!» ይላል። ሁለተኛው በኃይል ካልተረገጠ አልገባም ይላል። ትራፊክ አስቁሞት ዜሮ ሲፈልግ ደግሞ እግሩ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ይመላለሳል እንጂ ዜሮው አይገኝም። ቡራዩም፣ ሰበታም፣ ለገጣፎም፣ ገላንም ያው ነው። ሞተረኞች ቆመው ሲያወሩ ከቤንዚን ወረፋ ቀጥሎ የሚነሳው ይኸው የማርሽ ነገር ነው። ምክሩም አንድ ነው፤ «ውድ ዘይት አድርግበት፣ ይስተካከላል።»

ከምክሩ ግማሹ እውነት ነው። ዘይት የማርሽ አገባብን በእጅጉ ይቀይራል። ውድነቱ ግን ብዙም አያገባውም። ዋናው ነገር ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ያለችው ትንሽ ጽሑፍ፣ የምትሞሉት መጠን እና ዘይቱ ከተቀየረ ወዲህ የተነዳው ኪሎ ሜትር ነው። እነዚህ ሦስቱ ልክ ከሆኑ መካከለኛ ዋጋ ያለው ዘይት ይበቃል። ካልሆኑ በጣም ውዱም አያድናችሁም።

ዘይትን ከማርሽ ምን አገናኘው?

መኪና ላይ የሞተሩ ዘይትና የካምቢዮው ዘይት ለየብቻ ናቸው። ማንዋል መኪና ላይ ፍሪሲዮኑም ደረቅ ነው፤ ዘይት አይነካውም። እዚህ አገር መንገድ ላይ በምናያቸው በአብዛኞቹ ባለ አራት ስትሮክ ሞተርሳይክሎች ግን አንድ ዘይት ለሁሉም ይሠራል። ፒስተኑን ያለሰልሳል፣ የካምቢዮውን ጥርሶች ይሸፍናል፣ የፍሪሲዮኑ ሸራዎችም እዚያው ዘይት ውስጥ ተነክረው ይሠራሉ። ባለ አራት ስትሮኩ ባለ ሦስት እግር ባጃጅም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ የባጃጅ ሹፌሮችም ይህን ብታነቡ አትከስሩም።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ፒስተኑ የሚያንሸራትት ዘይት ይወዳል። ፍሪሲዮኑ ደግሞ ሸራዎቹ ተያይዘው እንዲዞሩለት ይፈልጋል፤ በጣም የሚያንሸራትት ዘይት ካገኘ ይንሸራተታል። ፍሪሲዮን ስትጨብጡ ደግሞ በተቃራኒው ሸራዎቹ ቶሎ መላቀቅ አለባቸው። ዘይቱ ከመጠን በላይ ወፍራም ከሆነ ሸራዎቹ እርስ በርስ እንደተጣበቁ ይቆያሉ። እናንተ ፍሪሲዮን ጨብጣችኋል፣ የካምቢዮው ዘንግ ግን አሁንም እየዞረ ነው። በዚያ ሰዓት ማርሽ ስታስገቡ የሚሰማው «ቋ!» የሚዞር ብረት ከቆመ ብረት ጋር ሲጋጭ ነው። ዜሮ የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሌላም አለ። የካምቢዮ ጥርሶች ዘይቱን ሲጨፈልቁት ይውላሉ። በብዛት የምንጠቀመው ባለ ሁለት ቁጥር ዘይት (ለምሳሌ 20/50) ውስጥ ሙቀት ሲጨምር ዘይቱ እንዳይቀጥን የሚይዙ ረጃጅም ሞለኪውሎች አሉ። ጥርሶቹ እነዚህን ይቆራርጧቸዋል። ስለዚህ የሞተርሳይክል ዘይት ገና ሳይጠቁር ሊቀጥን ይችላል። «ቀለሙ ገና ነው» እያለ የሚያቆየው ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። መቅጠኑን ከዓይን ቀድሞ እግር ያውቀዋል። ማርሹ ሳምንት በሳምንት እየደረቀ ከመጣ ዘይቱ እየሞተ ነው።

1. መጀመሪያ ጥፋቱ የዘይቱ መሆኑን አረጋግጡ

ዘይት ከመግዛታችሁ በፊት ለአንድ ሁለት ቀን ልብ በሉ። ማርሹ የሚያስቸግረው መቼ ነው?

ጠዋት ብቻ ከሆነና ሞተሩ ሲሞቅ ከለቀቀ ነገሩ በአብዛኛው ጤነኛ ነው። ሌሊቱን የቆመ ዘይት ይወፍራል፤ ሸራዎቹም ይጣበቃሉ። በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሱሉልታ ላይ ውርጭ ሲጥል ይብሳል። ለዚህ ብር የማያስወጣ ዘዴ አለ። ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ፍሪሲዮኑን ጥቂት ጊዜ ጨበጥ ለቀቅ አድርጉ። ሁለተኛ ማርሽ አስገብታችሁ፣ ፍሪሲዮን እንደጨበጣችሁ፣ ሞተርሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ገፋ ገፋ አድርጉት። ሸራው ይላቀቃል። ከዚያ ወደ ዜሮ መልሳችሁ አስነሱና ትንሽ ይሙቅ።

ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ጭኖ ሲሞቅ የሚያስቸግር ከሆነ ዘይቱ ቀጥኗል ወይም ጎድሏል ብላችሁ ጠርጥሩ። ይህ መመሪያ በዋናነት ለእናንተ ነው።

ቀዝቅዞም ሞቆም እኩል የሚያስቸግር ከሆነ ግን ዘይቱን ተዉትና የፍሪሲዮኑን ገመድ እዩ። ማንሻው መነሻው ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ ልቀት ሊኖረው ይገባል። አንዳንድ ፋብሪካ ልኩን የሚናገረው ማንሻው ጫፍ ላይ ነው፤ ያኔ ቁጥሩ ይሰፋል። ልቀቱ ከበዛ ጨብጣችሁትም ሸራው ሙሉ በሙሉ አይላቀቅም። ምንም ልቀት ከሌለው ደግሞ ፍሪሲዮኑ ሳትነኩት ይንሸራተታል። ስንቱ ሰው ገመዱን በሁለት ደቂቃ ማስተካከል ሲችል ዘይት ሲያማርጥ ይከርማል! የማርሽ መርገጫውንም ነካ ነካ አድርጋችሁ እዩት። ወድቃችሁ ከነበረ ተጣሞ ይሆናል፤ ወይ ብሎኑ ላልቶ ይሆናል። ሰንሰለቱም በጣም ከላላ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ሞተርሳይክሉ ይነጥራል፤ ሰውም ካምቢዮው የተበላሸ ይመስለዋል።

አንድ ማርሽ ብቻ፣ ለምሳሌ ሁለተኛው ብቻ፣ ከገባ በኋላ እየዘለለ የሚወጣ ከሆነ ውስጥ የተበላ ነገር አለ። ይህን ዘይት አይመልሰውም።

2. የፋብሪካውን መጽሐፍ ፈልጉ

መጽሐፉ ከሞተርሳይክሉ ጋር ከመጣ ከመቀመጫው ሥር ወይም ቤት መሳቢያ ውስጥ ይኖራል። የተገዛው ያገለገለ ከሆነ ስሙንና ሞዴሉን ጽፋችሁ ስልካችሁ ላይ ፈልጉት። ዘይት መሙያው ክዳን ወይም የሞተሩ ሽፋን ላይ ቁጥሩና መጠኑ የተቀረጸባቸውም አሉ። የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፤ የዘይቱ ቁጥር፣ ደረጃው፣ እና ስንት ሊትር እንደሚይዝ።

ፋብሪካዎቹ አይስማሙም፤ አለመስማማታቸውም ትክክል ነው። ሆንዳ ለብዙ ትናንሽ ሞተሮቹ ቀጠን ያለውን 10/30 ይመክራል። የሕንዱ ባጃጅ ለቦክሰር ሞተርሳይክሎቹ ሲያዝ የኖረው ወፈር ያለውን 20/50 ነው። የሞተሩ ክፍተቶች ሲሠሩ ለዚያ ተብለው ነው የተሠሩት። ስለዚህ «ጓደኛዬ አስር አርባ አድርጎ ማርሹ ተፍታታለት» የሚል ወሬ የጓደኛችሁን ሞተርሳይክል ሞዴል ካልነገራችሁ ብዙም አይጠቅምም።

3. ጀርባውን አንብቡ፦ «ኤምኤ» የምትለዋን ፈልጉ

ይህን መመሪያ ሙሉውን ማንበብ የሚሰለቸው ይህን ክፍል ብቻ ያንብብ።

በ1990ዎቹ የአውሮፓ አቆጣጠር የመኪና ዘይት አምራቾች ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ዘይታቸው ውስጥ የሚያንሸራትቱ ቅመሞችን መጨመር አበዙ። ለመኪና ጥሩ ነው፤ ለሞተርሳይክል ፍሪሲዮን ግን አይሆንም። ጃሶ የሚባለው የጃፓን የመኪና ደረጃ አውጪ ድርጅት በ1998 ለባለ አራት ስትሮክ ሞተርሳይክል ብቻ የሚሆን ደረጃ አወጣ። ዘይቶቹ በእውነተኛ ፍሪሲዮን ሸራ ላይ ይሞከራሉ፤ እንደ ውጤታቸውም ይመደባሉ።

ዛሬ ጠርሙስ ላይ የምታገኟቸው እነዚህ ናቸው።

«ኤምኤ»፦ ለእርጥብ፣ ማለትም ዘይት ውስጥ ተነክሮ ለሚሠራ፣ ፍሪሲዮን የሚሆን። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2006 ወዲህ ይህ ምድብ ለሁለት ተከፍሏል፤ «ኤምኤ1» እና «ኤምኤ2»። ኤምኤ2 ሸራውን አጥብቆ በመያዝ ይበልጣል። ሰው ወይም ዕቃ ጭናችሁ ዳገት የምትወጡ ከሆነና ዋጋው ካልተራራቀ ኤምኤ2ን ውሰዱ።

«ኤምቢ»፦ የሚያንሸራትት። ይህ ማርሽ ለሌላቸው፣ በቀበቶ ለሚነዱ ስኩተሮች ነው። ፍሪሲዮናቸው ደረቅ ስለሆነ አይነካቸውም። ማርሽ ያለው ሞተርሳይክል ላይ ግን አታድርጉት። ሥዕሉ ላይ ሞተርሳይክል ስላለ ብቻ አትታለሉ፤ ስኩተርም ሞተርሳይክል ነው።

የጃሶ ምልክት ብዙ ጊዜ ጠርሙሱ ጀርባ ላይ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ይታተማል። ከላይ የምዝገባ ኮድ፣ ከታች ደግሞ ጎላ ብሎ የምድቡ ፊደል ይኖራል። ሳጥን ሳይኖረው «የጃሶ ኤምኤን ደረጃ ያሟላል» ብሎ በጽሑፍ ብቻ የሚያስቀምጥም አለ። ሁለቱንም ካገኛችሁ ባለ ሳጥኑን አስቀድሙ።

ኤፒአይ የሚለው የአሜሪካኖቹ ደረጃም ይጻፋል፤ ኤስጂ፣ ኤስኤል፣ ኤስኤን እያለ ይሄዳል። ሁለተኛው ፊደል በፊደል ተራ ወደፊት በሄደ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። መጽሐፋችሁ ኤስጂ ካለ ኤስኤል ወይም ኤስኤን ብታደርጉ ችግር የለውም፤ ብቻ ኤምኤ አብሮ ይኑር። ክብ በሆነው የኤፒአይ ምልክት ታችኛ ግማሽ ላይ ነዳጅ ወይም ሀብት ቆጣቢ የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ካያችሁ ዘይቱ ለመኪና የተሠራ ነው። መልሱት።

«ፎር ቲ» እና «ቱ ቲ» የሚሉትንም ለዩ። ፎር ቲ ለባለ አራት ስትሮክ ነው። ቱ ቲ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚቃጠል የባለ ሁለት ስትሮክ ዘይት ነው። ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተርሳይክል ላይ ካምቢዮው የራሱ ዘይት አለው፤ የማርሹ ነገር ያለው እዚያ ነው። ይህን የካምቢዮ ዘይት ሳይቀይሩ ዓመት የሚያልፋቸው ብዙ ናቸው፤ ከላይ ቱ ቲ ስለሚሞሉ ዘይት የቀየሩ ይመስላቸዋል።

የከባድ መኪና 15/40ስ? ይህን ጥያቄ ጋራዥ በረንዳ ላይ ሳትሰሙ አትውሉም። የናፍጣ ሞተር ዘይቶች ብዙዎቹ ያን የሚያንሸራትት ቅመም አይበዛባቸውም፤ ስለዚህ ፍሪሲዮን ሳያስንሸራትቱ ለብዙ ሰው ሠርተዋል። ጀርባቸው ላይ ኤምኤ የተጻፈባቸውም አሉ። ከተጻፈ ይሁን። ካልተጻፈ ግን በግምት ነው የምትነዱት፤ የፍሪሲዮን ሸራ ዋጋ ደግሞ ከአንድ ሊትር ዘይት ጋር አይወዳደርም።

4. ቁጥሩን ከምትነዱበት ቦታ ጋር አገናዝቡ

20ደብሊው-50 የሚለውን ሰው «ሃያ ሃምሳ» ይለዋል። ደብሊው ክረምትን ወይም ብርድን ያመለክታል። የፊተኛው ቁጥር ባነሰ ቁጥር ዘይቱ በብርድ ቶሎ ይፈሳል። የኋለኛው ዘይቱ ሲሞቅ፣ በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ ምን ያህል ወፍራም ሆኖ እንደሚቆይ ይናገራል። 50 ከ40 ይወፍራል፤ 40 ከ30።

አሁን ካርታውን አስቡት። አዲስ አበባ መሀሉ 2,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው። እንጦጦን አልፋችሁ ሱሉልታ ስትገቡ ከፍታው ይጨምራል፤ ጠዋቱ ይበርዳል። በቃሊቲ በኩል ወደ ገላንና ዱከም ስትወርዱ ደግሞ ዝቅ ይላል፤ ቀኑም ይሞቃል። አንድ ዓይነት ሞተርሳይክል ያላቸው የሱሉልታና የዱከም ሰዎች ስለ ዘይት ሲከራከሩ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ።

መጽሐፉ አንድ ቁጥር ብቻ ከሰጠ እሱን አክብሩ። ብዙ መጻሕፍት ግን እንደ አየሩ ሙቀት ሁለት ሦስት ቁጥር ይፈቅዳሉ። ምርጫ ካላችሁ እኔ እንዲህ እመርጣለሁ።

የምትነዱት በጠዋት፣ አጭር አጭር መንገድ፣ ቀዝቃዛ አካባቢ ከሆነና ማርሹ የሚያስቸግረው ሞተሩ እስኪሞቅ ከሆነ የፊተኛውን ቁጥር ቀንሱ። ከ20/50 ወደ 10/40፣ መጽሐፉ ከፈቀደ። ጠዋት ላይ ልዩነቱ እግራችሁ ላይ ይታወቃል።

ቀኑን ሙሉ ሰው የምትጭኑ፣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ፒስታ ላይ የምትውሉ ከሆነ ግን የኋለኛውን ቁጥር አትቀንሱ። ሞተራችሁ በአየር ብቻ የሚቀዘቅዝ ነው። ዝግ ብሎ ዳገት ሲወጣ አየር አያገኝም፤ በጣም ይሞቃል። ቀጭን ዘይት እዚህ ይሸነፋል፤ ከሰዓት በኋላ ማርሹ ብረት ለብረት ይሆናል። ለእናንተ 20/50 ወይም 15/50፣ ጠዋት ትንሽ ቢያንገራግርም፣ ይሻላል።

ባለ አንድ ቁጥሩ «አርባ ቁጥር» የሚባለው ዘይት ርካሽ ነው፤ በየሱቁም አለ። ሲሞቅ ከ10/40 ጋር ይቀራረባል፤ በብርድ ግን እጅግ ይወፍራል። ለሱሉልታ ጠዋት አልመክረውም።

ኪሎ ሜትር የበላና ዘይት የሚጠጣ ሞተር ላይ ወፈር ማድረግ የተለመደ ነው፤ ክፉ ሐሳብም አይደለም። ግን ፍሪሲዮኑ ይበልጥ እንደሚጎተት ጠብቁ።

5. ማዕድን፣ ከፊል ሲንተቲክ ወይስ ሙሉ ሲንተቲክ?

ይህ ሁሉም ሰው የሚጨነቅበት፣ እኔ ግን ብዙ የማልጨነቅበት ነው። ሙሉ ሲንተቲክ በብርድም በሙቀትም ጠባዩን ይጠብቃል፤ ቶሎም አይቀጥንም። ለ100 ወይም ለ125 ሲሲ የሥራ ሞተርሳይክል ግን በዚያ ገንዘብ የማዕድኑን፣ ማለትም ተራውን፣ ዘይት ቶሎ ቶሎ መቀየር ይበልጣል። አቧራውና አጭር መንገዱ የሚያቆሽሸው ሲንተቲኩንም ነው። መካከለኛውን ከፈለጋችሁ ከፊል ሲንተቲክ 10/40 ወይም 15/50፣ ኤምኤ2 ያለበት፣ ጥሩ ግዢ ነው። «ሲንተቲክ ፍሪሲዮን ያንሸራትታል» የሚባለው ስህተት ነው። የሚያንሸራትተው ቅመሙ ነው፤ እሱን ደግሞ የኤምኤው ምልክት ይነግራችኋል።

ዘይቱ ላይ የሚጨመሩ በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጡ ማለስለሻዎች አሉ። ሻጩ ብረቱን እንደሚሸፍኑ ይምላል። የምትሸፍኑት የፍሪሲዮን ሸራ ጭምር ነው። አትጨምሩ።

6. ስትገዙ

ትልልቆቹ ስሞች፣ ሸል፣ ቶታል፣ ካስትሮል፣ ሞቢል፣ ሞቱል፣ ሁሉም ለሞተርሳይክል ተብሎ የተሠራ ዘይት አላቸው። የመኪናም አላቸው፤ ስለዚህ «ቶታል ስጠኝ» ማለት አይበቃም። መርካቶ ሶማሌ ተራ ወይም ሰፈር ውስጥ ካለ መለዋወጫ ቤት ስትገቡ «ወንድሜ፣ የሞተርሳይክል ፎር ቲ፣ ሃያ ሃምሳ፣ ኤምኤ ያለበት አሳየኝ» በሉ። ከዚያ ራሳችሁ አንብቡ። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ካለ አመስግናችሁ ቀጣዩን ሱቅ ሞክሩ።

ጠርሙሱን አገላብጡት። የክዳኑ ቀለበት ያልተበጠሰ፣ ከውስጥ ያለው ፎይል ያልተነካ መሆን አለበት። የአምራቹ የምርት ኮድ ጠርሙሱ ላይ ታትሞ ይኑር። ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ስሙ በአንድ ፊደል የተሳሳተ፣ ዋጋው ከሌላው ሱቅ በጣም የወረደ ከሆነ ፎርጅድ ነው ብላችሁ እለፉ። ከበርሜል በጆግ እየተቀዳ የሚሸጠውን ዘይት ምንነት ማንም ሊነግራችሁ አይችልም።

አንድ ልማድ ደግሞ ያዙ። ዘይቱን ከጨረሳችሁ በኋላ ባዶውን ጠርሙስ ብሱት፣ ክዳኑንም ቁረጡት። ያልተነካ ባዶ ጠርሙስ ተመልሶ ተሞልቶ ሊሸጥላችሁ ይችላል።

7. አቀያየሩ

ጋራዥ ብትወስዱትም አጠገቡ ቁሙ። ራሳችሁ ከሠራችሁት ደግሞ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ሞተሩን ለአራት አምስት ደቂቃ አስነሱት። ሞቅ ያለ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል፤ የሚያቃጥል እስኪሆን ግን አትጠብቁ። ቀጥ ያለ መሬት ላይ አቁማችሁ ከሥር ገበታ ወይም የተቆረጠ ጄሪካን አድርጉ። መሙያውን ክዳን ፍቱ፤ ከዚያ ማፍሰሻውን ብሎን። ብሎኑ ላይ ያለችው ሮንዴላ እንዳትጠፋ። ዘይቱ ጠብ ጠብ ማለት እስኪጀምር ታገሱ። ሞተርሳይክሉን ወደ ግራና ቀኝ ዘንበል ብታደርጉት የቀረው ይወጣል።

የወጣውን ዘይት እዩት። ጥቁር መሆኑ ጤና ነው። ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቷል፤ በክረምት ጎርፍ የተሻገረ ወይም ላቫጆ ላይ በኃይለኛ ውኃ የታጠበ ሞተርሳይክል ላይ ይታያል። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተና ከሚጠበቀው በላይ ቀጭን ከሆነ ካርቡራተሩ ቤንዚን ወደ ውስጥ እያሳለፈ ነው። ይህ ካልተስተካከለ አዲሱም ዘይት በሳምንት ውስጥ ይቀጥናል፤ ማርሹም ይመለስበታል። ጣታችሁ መሀል የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ከተሰማችሁ፣ አዲስ ሞተርሳይክል ከሆነ የሚጠበቅ ነው፤ የቆየ ከሆነ መካኒክ ይየው። አዲስ ሞተርሳይክል ላይ የመጀመሪያው ሰርቪስ ብዙ ጊዜ ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚሆነው ለዚሁ ብናኝ ነው። አትዝለሉት።

ፊልትሮ ካለው ቀይሩ። አንዳንዶቹ የወረቀት ፊልትሮ የላቸውም፤ ወንፊት ብቻ ነው ያላቸው። እሱን አውጥታችሁ በቤንዚን እጠቡትና አድርቃችሁ መልሱት። ማፍሰሻውን ብሎን መልሳችሁ ስታጠብቁ ጉልበታችሁን አታሳዩ። ሞተሩ አሉሚኒየም ነው፤ ጥርሱ ከተበላ ወጪው ብዙ ነው።

አሁን መሙላት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጠርሙሱ 1 ሊትር ስለሆነ ሙሉውን ይደፋዋል። የብዙ ትናንሽ ሞተሮች መጠን ግን ወደ 1 ሊትር ይጠጋል እንጂ ልክ 1 ሊትር አይደለም። ሲቀየር 0.8 ወይም 0.9 ሊትር ብቻ የሚወስዱ አሉ፤ ከ1 ሊትር በላይ የሚፈልጉም አሉ። ፊልትሮ ሲቀየርና ሳይቀየርም መጠኑ ይለያያል። የበዛ ዘይት አረፋ ይሠራል፤ ፍሪሲዮኑም ይጎተታል፤ ያው «ቋ!» ይመጣል። ዘይቱን አሻሽሎ ማርሹ የባሰበት ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህን ነው።

ከሚያስፈልገው ትንሽ ቀንሳችሁ ሙሉ። ሞተሩን ለሁለት ሦስት ደቂቃ አስነሱና አጥፉት። ዘይቱ እስኪወርድ ጥቂት ጠብቁ። ከዚያ ሞተርሳይክሉን ቀጥ አድርጋችሁ ለኩ፤ በጎን ማቆሚያው ላይ ዘንበል እንዳለ የሚነበብ ልክ ውሸት ነው። መስታወት ያለው ከሆነ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ይሁን። መለኪያ ዘንግ ያለው ከሆነ ጠርጋችሁ መልሳችሁ አስገቡ። ብዙዎቹ ላይ ዘንጉን ሳታዞሩ አስቀምጣችሁ ብቻ ነው የሚነበበው፤ መጽሐፉ ላይ አረጋግጡ። ወደ ላይኛው ምልክት ቀረብ እስኪል ጨምሩ፤ አትለፉት።

የተቃጠለውን ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፉ። ጄሪካን ውስጥ አጠራቅማችሁ ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡ። ምስጥ እንዳይበላው የአጥር እንጨት የሚቀቡበትም ብዙ ናቸው፤ የጉድጓድ ውኃ ወይም ጓሮ አትክልት አጠገብ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። እጃችሁንም በደንብ ታጠቡ፤ አሮጌ ዘይት ለቆዳ ጥሩ አይደለም።

8. ከቀየራችሁ በኋላ

አዲስ ዘይት ላይ ማርሹ ወዲያው ካልተፍታታ አትደንግጡ። አሮጌው ከሸራዎቹ መካከል እስኪወጣ ጥቂት መንዳት ይፈልጋል። ልዩነቱን በሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ሞቆ ቆሞ እየሠራ ዜሮ በቀላሉ ይገኛል ወይ? ሁለተኛ፣ ዳገት ላይ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ ቤንዚን ስትሰጡ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ይህ ከዘይት ቅየራ በኋላ ከጀመረ የገዛችሁት ዘይት አልሆነም ማለት ነው። ሳትዘገዩ አፍስሱትና ትክክለኛውን ኤምኤ ሙሉበት። ቶሎ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ከቆየ ሸራው ይቃጠላል፤ ያኔ ሸራ መቀየር ነው።

መቼ ይቀየር? መጽሐፉ ላይ ያለው ኪሎ ሜትር ለደህና መንገድ የታሰበ ከፍተኛው ልክ ነው። አቧራ ውስጥ ሰው እየጫነ ለሚውል በአየር የሚቀዘቅዝ ትንሽ ሞተር እኔ በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ቢበዛ በየ2,500ው ቀይሩ እላለሁ። ቅዳሜና እሁድ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም በዓመት አንድ ጊዜ ይቀየር። የቀየራችሁበትን ኪሎ ሜትርና የዘይቱን ዓይነት በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ከመቀመጫው ሥር ለጥፉት። በመሀል ቢጎድልም የምትጨምሩት ያንኑ ዓይነት ይሁን፤ ለዚህ ከጠርሙሱ የተረፈውን ክዳኑን ገጥማችሁ አስቀምጡት።

ዘይቱ ትክክል፣ መጠኑ ልክ፣ ገመዱ የተስተካከለ ሆኖ ማርሹ አሁንም ካንገራገረ ፍሪሲዮኑን ማስከፈት ነው። መካኒኩን የሸራዎቹን ውፍረት፣ በመካከላቸው ያሉት የብረት ሳህኖች መጣመም አለመጣመማቸውን፣ እና ሸራዎቹ የሚገቡበት ቅርጫት ጠርዝ መቦርቦር አለመቦርቦሩን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ጠርዙ ከተቦረቦረ ሸራዎቹ እዚያው ይያዛሉ፤ ጨብጣችሁም አይላቀቁም። አዲስ ሸራ የሚገባ ከሆነ ከመግጠሙ በፊት በምትሞሉት ዘይት ውስጥ ተነክሮ ይቆይ፤ ደረቁን እንዳይገጥምላችሁ ቆማችሁ እዩ።